የዘሙሩድ የጉሎ ዘይት

በኮተቤ መንገድ ላይ የዘሙሩድን ቤት ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ አፍንጫ ይበቃል። ጉሎ በምትቆላበት ቀን ሽታው አጥሩን ዘሎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ማዶ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሰው ያስነጥሰዋል። “ዛሬ ደግሞ የማንን ራስ ልታበቅይ ነው?” ይሏታል ጎረቤቶቿ። ዘሙሩድም ዝም ብላ የምታልፍ ሴት አልነበረችም። “ያንቺን! መጀመሪያ ግን ታጥበሽ ነይ” ትላለች።

ሥራዋ ሹሩባ መሥራት ነው። ከሲግናል፣ ከመገናኛ ወዲያ ማዶ ሳይቀር የሚመጡ ሴቶች ጓዳዋ ውስጥ በርጩማ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙዎቹ የሚመጡት ለሹሩባው ሳይሆን ለዘይቱ ነው። የጉሎውን ፍሬ ራሷ ትለቅማለች፤ ለስለስ አድርጋ ትቆላዋለች፤ በሙቀጫ ወቅጣ ከውሃ ጋር በዝግታ ታፈላዋለች። ዘይቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በማንኪያ እየገፈፈች ታጠራቅምና ጥቁር አዝሙድ ጣል ታደርግበታለች። ከዚያ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ትገለብጠዋለች። ስትቀባም እንዲያው አትደፋውም። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ሁለቱን እጆቿን አፋትጋ፣ ሲሞቅላት ነው ሰው ራስ ላይ የምታሳርፈው። ያን ጊዜ ስንትና ስንት ሴት በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይዟታል።

“የዘሙሩድ ዘይት ድንጋይ ላይ ቢፈስ ፀጉር ያበቅላል” ይባል ነበር። እሷ እንዲህ ብላ አታውቅም። አይደለም ብላም አታውቅም። ይበቅልልኝ ይሆን ብለው ሲጠይቋት “ኢንሻአላህ” ትልና ሚዶዋን ታነሣለች።

ከሻሿ ሥር ያለውን ግን ከሟች እናቷና ከባሏ ከከማለዲን በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ዘሙሩድ ከግንባሯ እስከ አናቷ ድረስ ፀጉር የላትም። ልጅ ሳለች እናቷ ሹሩባዋን የምትሠራላት ዓይኗ እስኪጠብ ድረስ እየሳበች ነበር፤ ጥብቅ ያለ ሹሩባ የጨዋ ቤት ልጅ ምልክት ነው ብላ። የተሳበው ፀጉር መጀመሪያ ሳሳ፤ ቀጥሎ ሸሸ፤ በመጨረሻ ቆዳው እንደ ሸክላ ለስልሶ ቀረ። የተረፈው የማጅራቷ ፀጉር ብቻ ነው። እሱንም በሁለት ጎንጉና ከሻሿ በታች ብቅ ታደርገዋለች። ወፍራም ነው፤ ያበራል። ሴቶቹ እሱን እያዩ የቀረውን በሐሳባቸው ይሞሉታል።

የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ከማለዲን ከአሰብ በተመለሰ ቁጥር ይቀልድባታል። “አንዴ ጎማዬ ላይ ፈሶብሻል፤ እስካሁን ፂም አላበቀለም” ይላታል። እሷም ትስቃለች። በየሳምንቱ አናቷን እየቀባች ተስፋ ያደረገችባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ኋላ ግን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ለሰው መቀባቱን ብቻ አልተወችም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምህረት፣ በመጋቢት፣ ቅቤ የምታመጣላት አስያ ባዶ እጇን አንጠልጥላ መጣች። አስያ ከኮተቤ በላይ ባለው የእንጦጦ ተረተር ላይ የምትኖር፣ ከባሏ ከነገሳ ጋር በኦሮምኛ የምትጨቃጨቅ፣ ከዘሙሩድ ጋር ደግሞ በአማርኛ የምትቀልድ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ቀልድ አልነበራትም።

“ዘሙሩዴ፣ ልጄ አለቀችብኝ።”

“ኢፍቱ? ተስቦው አገረሸባት እንዴ?”

“እሱስ ከለቀቃት ቆየ። አሁን ፀጉሯን ይዞ ሄደ እንጂ። ጠዋት ስትነሣ መከዳው ላይ በእፍኝ በእፍኝ ነው የምለቅመው። አሁንማ የሚለቀምም የለ።”

“ጤና ጣቢያ አላሳየሻትም?”

“ወስጃት ነበር። ድሬሰሩ ‘ትኩሳት ያረገፈው ፀጉር ራሱ ይመለሳል፣ ታገሡ’ ብሎ ሰደደን። ምን ያለ ሰው ነው! አንድ ክኒን እንኳ አልሰጠኝም እኮ።” አስያ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። “ባለፈው ተማሪ ቤት ሰልፍ ላይ አንዱ ባለጌ ሻሿን መነጨቀባት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ደጅ አትወጣም። የስምንተኛ ሚኒስትሪ ደርሷል። ካልተፈተነች አባቷ ሌላ ዓመት አይጠብቅም፤ ሰንዳፋ ወንድሙ ቤት ልኳት ከብት ልታይ ነው። ይበቅላል በይኝ፣ ዘሙሩዴ። ሄጄ ልንገራት።”

ዘሙሩድ እንደ ልማዷ ልትመልስ አፏን ከፈተች። አልወጣላትም። ኢፍቱን ታውቃታለች፤ ቅቤውን ተሸክማ ከእናቷ ጋር ስትመጣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ሳይቀር ቆማ የምታነብ ልጅ ናት። “እኔው እመጣለሁ” አለቻት።

በማግስቱ አንድ ጠርሙስ ዘይት በጉያዋ ይዛ ወጣች። ባሕር ዛፉ መሐል ያለው አቀበት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አንድ ሁለቴ ዞር እያለች ከተማዋን ቁልቁል አየች። ያ ሁሉ ቆርቆሮ፣ ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ያ ሁሉ ሰው ከላይ ሲያዩት ጭጭ ያለ ነው። በዚያ ሁሉ ጣሪያ ሥር ስንት የተሸፈነ ራስ እንዳለ ስታስብ ደነቃት።

ኢፍቱ ከግድግዳው ተጠግታ፣ ጋቢ እስከ ቅንድቧ ተከናንባ ተቀምጣለች። አስያ ላሟን ልታይ በሚል ሰበብ ወጣችላቸው።

“እስኪ አሳዪኝ” አለች ዘሙሩድ።

“አላሳይም።”

“እኔ እኮ ፀጉር ስነካ ነው ያረጀሁት።”

“የለማ! ፀጉር ቢኖርማ አሳይዎት ነበር።” ልጅቱ ጋቢውን ጨበጠችው። “እትዬ ዘሙሩድ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያንን ዘይት ብቀባ ይበቅላል?”

ዘሙሩድ ኢንሻአላህ ልትል ነበር። ነገር ግን ይህን የከበረ ቃል መሸሸጊያ አድርጋው መኖሯ በዚያች ሰዓት ከበዳት፤ አፈረች። ልጅቱ አምናት፣ ቀብታ፣ ጠብቃ ሳይበቅል ቢቀርስ? ያ ጥበቃ ምን እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ተነሥታ በሩን ገጠም አደረገችና ሻሿን ፈታች።

በበሩ ስንጥቅ የገባው ብርሃን የዘሙሩድ አናት ላይ አረፈ። ልጅቱ ጋቢዋን መያዟን ረስታ፣ ተንበርክካ ተጠጋች። ቤተ መቅደስ ወይም መስጊድ የገባ ሰው ነበር የምትመስለው፤ ድምፅዋ ሳይቀር ዝቅ አለ።

“ያማል?”

“ድሮ ያመኝ ነበር። አሁን ይበርደኛል እንጂ አያመኝም።”

“ማን ያውቃል?”

“ከማለዲን። አሁን ደግሞ አንቺ።”

“ዘይቱን ቀብተውታል?”

“ስንት ዘመን!”

“ታዲያ?”

“ይኸው።”

ኢፍቱ ጥቂት አሰበች። ተማሪ አይደለች? “ታዲያ ለምን ለሰው ይቀባሉ?” አለቻት።

ዘሙሩድ እንዲህ ተጠይቃ አታውቅም። ከማጅራቷ ሁለቱን ጉንጉኖች ወደ ፊት ሳበችና አሳየቻት። “ይህን የጠበቀልኝ እሱ ነው። አይሰባበርም፣ አይደርቅም። ያለውን ይጠብቃል። የሌለውን ስለማምጣቱ ግን እኔ እንጃ።”

“ይህን ራስ ይዘው ነው ገበያ የሚወጡት? ሠርግ ቤት የሚሄዱት?”

“እየጨፈርኩ ጭምር!”

ኢፍቱ ሳቀች። ከትኩሳቷ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ አስያ ከውጭ ሰምታ የላሟን ገመድ ለቀቀችው። ከዚያ ልጅቱ ቀስ ብላ ጋቢውን ከራሷ ላይ አወረደች። እዚህም እዚያም ሳሳ ያለች ጭራሮ ከመቅረቷ በቀር ባዶ ነው። ሁለቱ ራሰ በራዎች ተያዩ፤ ማናቸውም የሚሸሽጉት አልቀረም። ዘሙሩድ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀምጣላት፣ ሻሿን አስራ ወረደች። በሳምንቱ ኢፍቱ ትምህርት ቤት ገባች። ያ ባለጌ ሻሿን ዳግመኛ ሊነካ ሲመጣ ራሷ ፈትታ “ጨርሰህ እይ” ብላዋለች አሉ።

በዚያ ሰሞን ላምባ ከከተማው ጠፋ። የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ላይ ባዶ ጀሪካን ሰው ተክቶ ይሰለፋል፤ ሰዉ ደግሞ አጥር ሥር ተቀምጦ መንግሥትን ሳይሆን ዝናብን ያማል። አስያ ወደ ዘሙሩድ ስትመጣ ግን የምታወራው ስለ ሌላ ነው። “ጠርሙሱ አለቀ፣ ሌላ ስጪን” ትላለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ትመለሳለች፤ “አሁንም አለቀ።” ዘሙሩድ ደስ አላት። ኢፍቱ አደራዬን አልጣለችም፣ ትቀባዋለች ማለት ነው ብላ እጥፍ አድርጋ አፈላች።

ሰኔ ላይ፣ ፈተናው እንዳለቀ፣ ዘሙሩድ ዳግመኛ ወጣች። ኢፍቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ያለ ምንም ልመና ሻሿን ፈታች። ዘሙሩድ መዳፏን የልጅቱ አናት ላይ አሳረፈች። አሳርፋም ደርቃ ቀረች።

አለ። ለዓይን ገና ጥላ ነው፤ ለእጅ ግን አለ። እንደ ለጋ ሣር ችፍ ብሎ፣ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ አንድም ቦታ ሳይዘል። ዘሙሩድ ዕድሜዋን ሁሉ የበቀለ ፀጉር ስትጎነጉን ኖራለች፤ ሲበቅል ግን ነክታ አታውቅም። ጣቷን ወዲህ ስትወስደው ይተኛል፤ ወዲያ ስትመልሰው ይቆረቁራል። ትናንት ባዶ የነበረ ቆዳ! ማን ነገረው? ማን ቀሰቀሰው? እምባዋ የልጅቱ ግንባር ላይ ጠብ አለ።

“አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!” አለች። ቀጥላም፣ ሳታስበው፣ “ዘይቴ!” አለች። “ኢፍቱዬ፣ ዘይቴ ሠራ እኮ!”

ኢፍቱ አንድ ነገር ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀች። ወደ ቤት ውስጥ፣ ጥላሸት ወዳጠቆረው መስኮት አየት አደረገችና መልሳ ገጠመችው። ዘሙሩድ አላስተዋለችም። ቁልቁለቱን የወረደችው የሃያ ዓመት ሴት ሆና ነው።

ክረምቱን ሙሉ ማምሻ ማምሻውን አናቷን ቀባች። መዳፏን እያፋተገች፣ ዘይቱን እያሞቀች፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሷ ባዶ ቆዳዋን ታሻለች። ለካ ቶሎ ተስፋ ቆርጬ ነው፤ ለካ ትንሽ ብታገሥ ኖሮ፤ እያለች። ከማለዲን መስታወት ፊት አገኛትና ሊቀልድ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው።

“ባይበቅልስ?” አላት ብቻ፣ ለስለስ አድርጎ።

“የኢፍቱ በቅሏል” አለችው።

መስከረም ጠባ። ኢፍቱ የእናቷን ቅቤ በጎመን ቅጠል ጠቅልላ ብቻዋን ወረደች። ሚኒስትሪውን አልፋለች። ሻሽ አላደረገችም፤ ፀጉሯ ተከምክሞ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲያዩት ሰው ያስቆማል። በርጩማ ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች እየተነሡ ነካኩት። “ይኸው የዘሙሩድ ዘይት!” ይላሉ። ኢፍቱ እንደ ጥፋተኛ መሬት መሬት ታያለች።

ሴቶቹ ሄደው ሲያልቁ ዘሙሩድ በሩን ዘጋች። በርጩማው ላይ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ራሷ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች።

“ክረምቱን ሙሉ ቀብቻለሁ” አለች። “ዓይኔን አላምነውም፤ የራሴንም እጅ አላምነውም። አንዳንድ ቀን ያለ ይመስለኛል። ያንቺ ጣት ልጅ ነው። እስኪ ዳሺኝና ንገሪኝ።”

ኢፍቱ ከኋላዋ ቆመች። ዘሙሩድ ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ራስ ላይ የሴት እጅ አላረፈበትም። የልጅቱ ጣቶች ከግንባሯ ጀመሩ፤ ቀስ እያሉ ወደ አናቷ ወጡ፤ ቆሙ፤ ተመልሰው እንደገና ከግንባሯ ጀመሩ። ፈልገዋል። ያልፈለጉበት ቦታ አልነበረም። አንዲት ትንሽ ውሸት ብትናገር ዘሙሩድ በደስታ ትቀበላት ነበር፤ እሱን ሁለቱም ያውቃሉ።

“የለም፣ እትዬ” አለች ኢፍቱ። ተንሰቅስቃ አለቀሰች። “የለም። የእኔንም ዘይቱ አይደለም ያበቀለው። አልቀባሁትም።”

“ምን?”

“እርስዎ ራስዎን ሲያሳዩኝ… እርስዎን ካልጠቀመ እኔን ምን ያደርግልኛል አልኩ። ላምባ ደግሞ ጠፋ። ቀን ተማሪ ቤት፣ ከዚያ ስመለስ የእማዬን ሥራ ሳግዝ ይመሻል፤ የማነብበት ብርሃን የለም። የጣሳ ክዳን ላይ አፈሰስኩትና ጥጥ ጠምዝዤ ለኮስኩት። በራ! ጠርሙሱን ሁሉ፣ የሰጡኝን በሙሉ፣ አንብቤበታለሁ። እማዬ ‘ለእሷ እንዳትነግሪ’ አለችኝ። ሰኔ ላይ ልነግርዎት ነበር። እንደዚያ ደስ ሲልዎት ግን አቃተኝ።”

ዘሙሩድ ላይ መጀመሪያ የመጣው ሐዘን ነው፤ የክረምቱ ማምሻ ሁሉ ተስፋ ከላይዋ ላይ ሲወርድ ተሰማት፤ አመማትም። እናቷን አሰበች፤ ያንን ሁሉ መሳብ፣ ያንን ሁሉ ጨዋነት። አንዴ የሞተ ሥር ምንም ቢያጠጡት አይነሣም። አሁን በእርግጥ አወቀችው።

ከሐዘኑ ኋላ ግን ሌላ ነገር መጣባት፤ እሱም ከእሷ ከራሷ ይበልጥ ነበር። እንግዲያው ያን ሁሉ ፀጉር ያመጣው ማን ነው? ማንም ጠብታ አላፈሰሰበትም። ማንም አላሸውም። ልጅቱ የጣሳ ክዳን ላይ አጎንብሳ የታሪክና የሒሳብ ደብተሯን ስታነብ፣ በዚያ በተናቀ ቆዳ ሥር፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይመጣ ነበር። ራሱ ይመለሳል ያለው ያ ድሬሰር፣ ማንም ያልሰማው፣ እውነቱን ነበር። ዘሙሩድ ዘመኗን ሁሉ በሰው ራስ ላይ ዘይት ከላይ ስታፈስ፣ ሥራው የሚሠራው ከታች ነበር። ሱብሐነላህ! ደነገጠች ማለት ይቻላል። ዞራ የኢፍቱን ጎፈሬ እንደ አዲስ አየችው። ዘይቷ ያበቀለው መስሏት ስታየው ደስ ብሏት ነበር፤ አሁን ግን አፏን ከፍታ ቀረች።

“ያጨሳል እኮ” አለች በመጨረሻ።

“ምኑ?”

“ዘይቱ ነዋ። ሲነድ አያጨስም?”

“ያጨሳል” አለች ኢፍቱ ንፍጧን እየሳበች። “ግን በደንብ ይበራል። አዝሙዱም ይሸታል። አባዬ ‘ቤታችን ሹሩባ ቤት ሹሩባ ቤት ሸተተ’ ይላል።”

ዘሙሩድ ከት ብላ ሳቀች፤ እምባዋም አብሮ ወረደ። የትኛው ለምን እንደሆነ ራሷም አትለየውም ነበር። “አየሽ፣ ሰው ‘የዘሙሩድ ዘይት ሠራ’ ሲል ውሸት አይደለም” አለች። “እኔ ነኝ እንጂ ምን እንደሚሠራ ያላወቅኩት። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ያለውን ይጠብቃል፣ የሌለውን አያመጣም እላለሁ። ካላመኑ ደግሞ የሚታይ ነገር አለኝ።”

ኢፍቱ ሻሹን ከመሬት አንሥታ ልታስርላት እጇን ዘረጋች። ዘሙሩድ እጇን ያዘቻት።

“ላምባ መጥቷል?”

“መጥቷል። ትናንት ከቀበሌ ወሰድን።”

“እንግዲያው ዘይቱ ለመብራት አይፈለግም።” በመደርደሪያው ላይ የተረፈውን ጠርሙስ በአገጯ አሳየቻት። “ቀቢኝ።”

“እትዬ… አይበቅልም እኮ።”

“አውቃለሁ። ቀቢኝ።”

ኢፍቱ ጠርሙሱን አወረደች። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፤ ዘሙሩድ ለሰው ሁሉ ስታደርግ እንዳየቻት ሁለቱን እጆቿን አፋትጋ፣ እስኪሞቅ ጠብቃ፣ በዚያ በሚበርደው ራስ ላይ አሳረፈችው።